ቅጠሉ ይቅደም

ልጄ፣

የወተት ፍየል ለማርባት ቆርጠሽ መነሣትሽን ከእናትሽ ሰማሁ። ብስራተ ገብርኤል ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ በራሱ ደስ ይላል፤ በዚህ ሰፈር ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አፈሩን በሲሚንቶ ደፍኖ መኪና ሲያቆምበት ነው የምናየው። የላክሽልኝን ዕቅድም አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ የዝርያ ስም ጽፈሻል፣ ቀጥሎ የበረቱን ወጪ፣ ቀጥሎ የጠርሙሱንና የምልክቱን ዋጋ። መኖ የሚለው ከታች በአንድ መስመር «ከገበያ ይገዛል» ተብሎ ተቀምጧል። ይህን ወረቀት ገልብጠሽ ጻፊው። መኖው ከላይ ይቀመጥ፣ ፍየሏ መጨረሻ ትምጣ።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይላል ያገራችን ሰው። ቸኳይን ለመንቀፍ ነው የሚተርቱት፤ ለአርቢ ግን እውነቱ ይኸው ነው። በደረሰችበት ሰዓት መብላት ትጀምራለች። አንቺ ግን ዛሬ የተከልሽውን ዛፍ ቢያንስ ዓመት ሳትጠብቂ አትቆርጪውም። የሁለቱ ጊዜ ስለማይገጥም ነው ብዙ ጀማሪ በስድስት ወር ውስጥ ከመኖ ነጋዴ ደጅ የሚቆመው።

ፍየል የምትበላበትን ሁኔታ ቁጭ ብለሽ አይተሽው ታውቂ እንደሆን አላውቅም። ላም ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጨዋለች፣ በግ ከመሬት አስጠግታ ታጭደዋለች። ፍየል ግን በኋላ እግሯ ቆማ በከንፈሯ እየመረጠች ለጋ ቅጠሉን፣ እምቡጡን፣ ቅርፊቱን ትቀነጥሳለች፤ ከአንዱ ቁጥቋጦ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ። ሰው ይህን ቅብጠት ይለዋል። ሆዷ ውስጥ ግን ሥራ አለው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላላታል፣ በአንዱ ተክል ውስጥ ያለው የሚጎዳ ነገርም ሳይበዛባት ያልፋል። በግራርና በመሳሰሉት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ታኒን፣ ያ አፍ የሚያኮማትረው ነገር፣ በልኩ ሲሆን የሆድ ትልን ያዳክማል። አጭር ሳር ላይ ብቻ የምትውል ፍየል ትሉን ራሱን ከሳሩ ጋር ትውጠዋለች፤ እጩ በአብዛኛው ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ነውና የሚቀመጠው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ሳር ዘርተሽ መኖ አለኝ ብትዪ ለላም ይሆን ይሆናል፣ ለፍየል ገና ነው።

ስለ ዝርያው ደግሞ ልንገርሽ። ከ1981 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለ የእንግሊዝ ግብረ ሠናይ ድርጅት ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ከአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ጋር ሆኖ በሐረርጌ ደጋና በደቡብ የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም አካሂዶ ነበር። ድሆች ሴቶች በቡድን ተደራጅተው ያካባቢያቸውን ፍየል በዱቤ ይወስዳሉ፤ ዕዳውን የሚከፍሉት በብር ሳይሆን በግልገል ነው፣ ግልገሏም ለሌላ ድሃ ሴት ትተላለፋለች። አንግሎ ኑቢያን ከሚባለው ትልልቅ ጆሮ ካለው የውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ፍየሎችም ተሠራጩ። ከዚሁ ጋር መኖ መትከልና የእንስሳት ጤና ትምህርት ገባ። ከዓመታት በኋላ ወርቅነህ አያሌው የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ያለውን ውጤት በየገበሬው ቤት መዝነው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ወተቱን ብቻ አልቆጠሩም፤ ሥጋውን፣ ፍጉን፣ ፍየሏ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ሆና የምትሰጠውንም ዋጋ አስገብተው ነው ያሰሉት። ያገኙት ብዙ ሰው ከጠበቀው የራቀ ነው። አያያዙ ሲሻሻል ያገሬዋ ፍየል ጥቅም ከፍ አለ፤ ድቅሏ ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው አያያዝ፣ ካገሬዋ የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኘችም።

ከዚህ ተነሥቼ ድቅል አትረባም አልልሽም። ድቅሏ ብዙ ወተት የመስጠት አቅም አላት፣ ግን ያን አቅም የሚያወጣው በግርግሙ ውስጥ ያለው ነው። ለአንድ ድቅል የምትከፍዪውን ገንዘብ ለችግኝና ለዘር ብታውዪው ባገሬዋ ፍየልም ታተርፊበታለሽ። በጋይት የምትባለው የምዕራብ ቆላዋ ፍየል በወተቷ የታወቀች ናት፤ በዋግ ኽምራ ደግሞ ሰው ከአበርገሌ ፍየል ወተት ሲጠጣ ነው የኖረው። ሁለቱም ግን የቆላ ልጆች ናቸው፣ የአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድና ጭቃ ይከብዳቸዋል። እኔ ብሆን ከደጋው ፍየል መካከል ጡቷ ደህና የሆነችውን መርጬ እጀምር ነበር።

ሐረርጌን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ገበሬው ማሽላውን አብዝቶ ይዘራና ሲበቅል እያሳሳ የነቀለውን ለታሰረው በሬ ይወስዳል። የሐረር ሰንጋ የምንለው እንዲያ ነው የሚደልበው። ለመኖ ብሎ የለየው መሬት የለውም፤ ከምግቡ ማሳ ላይ ነው መኖውን የሚያወጣው። መሬት ጠበበኝ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

«ከገበያ ይገዛል» ስላልሽው ነገር ደግሞ ልመለስ። ፉርሽካና ፋጉሎ በከተማ ከብት አርቢ ዘንድ እንደ እንጀራና ወጥ ናቸው፣ አልጠላቸውም። የኑግ ፋጉሎ ሲሦው ያህል ፕሮቲን ነው፤ የጤፍ ጭድ ከአምስት በመቶ አያልፍም። ነገር ግን ፋጉሎ በእርጥበት ሲከማች ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል፣ መርዙ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ወተቱ ይሻገራል። ማፍላትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ካሉ የወተት ላም አርቢዎችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙና መርምሮ ሁሉም ውስጥ ይህን መርዝ አገኘ፤ አውሮፓውያን ያስቀመጡትን ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘውም የኑግ ፋጉሎ ነው። የላም ወተት ነው የተመረመረው፤ መርዙ ግን በፍየልም ሆድ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። አንቺ ደግሞ የፍየል ወተት ለሕፃናት እሸጣለሁ ብለሽ ነው የተነሣሽው። ስለዚህ የራስሽ ቅጠል ወጪ መቆጠቢያ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ለምትሸጪው ወተት ዋስትና የምትሰጪው በእሱ ነው። ፋጉሎ መግዛትሽ ካልቀረ ጥቂት ጥቂት እየገዛሽ፣ እየሰበርሽና እያሸተትሽ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጪው።

አሁን እርሳስ አንሺ። 35 ኪሎ የምትመዝን የምትታለብ ፍየል በቀን የክብደቷን 4 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል፣ 1.4 ኪሎ ማለት ነው። ፍየል መሬት የወደቀና የተረገጠ አታነሣም፤ ለሚባክነው ጨምረሽ 1.7 አድርጊው። አምስት ፍየል በቀን 8.5 ኪሎ። ከኅዳር እስከ ሰኔ መጨረሻ ስምንት ወር ነው፣ ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፣ 240 ቀን። 2,040 ኪሎ፤ ከ20 ኩንታል በላይ። ይህ በደረቁ ነው፤ እርጥብ ቅጠል ከአምስቱ አራት እጁ ውኃ ስለሆነ አሥር ኪሎ ቅጠል ተሸክመሽ ስትገቢ ለሆዷ የምታስገቢው ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ከሱሉልታ የሚመጣውን ድርቆሽ የምትገዢ ከሆነም በእስር ቆጥረሽ አትግዢ፣ እስሩን ሚዛን ላይ አውጪው።

ብዛቱ ብቻም አይበቃም። በፍየል ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይደክማል፣ ፍየሏም ጭድ ተቆልሎላት መብላት ታቆማለች። በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ የታጨደ ቢጫ ድርቆሽ ከዚያ ወሰን አካባቢ ወይም በታች ነው። የበጋ ወተት የሚደርቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አጎትሽ ዓለም ገና አጠገብ ሊሰጥሽ የተስማማው ግማሽ ሄክታር ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ መሬቱን ለይተሽ እወቂው። ሜዳው ጥቁር መረሬ ነው፣ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ወደ ላይ ያለው ዳገት ቀላ ያለና ውኃ የሚያጠፋ ነው። ትሪሉሰርን የሚባለው የደጋ መኖ ዛፍ ከፍ ባለውና ውኃ በማይዘው ላይ ብቻ ይተከላል፤ መረሬ ውስጥ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ከቅጠሉ ሃያ በመቶ ገደማው ፕሮቲን ነው፣ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ፍየል ደግሞ ትወደዋለች። የመጀመሪያውን ዓመት አትንኪው፤ ከዚያ በኋላ ሜትር ያህል ግንድ እየተውሽ ቁረጪ። ሰስባንያ በተቃራኒው እርጥብ እግር ይችላል፣ ቶሎም ይደርሳል፣ ግን ውርጭ ያቃጥለዋል፣ ዕድሜውም ጥቂት ዓመት ነው። ስለዚህ ውርጭ ከሚወርድበት ዝቅተኛ ሜዳ አርቀሽ፣ በቦዩ ዳር፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተካሽ ትከዪው። ሉኪኒያ ትከዪ የሚልሽ ሰው ይመጣል፤ እሱ የሞቃት አገር ዛፍ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ አያመሰግንሽም። በእርከኑ ላይ ደሾ፤ ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ ተነሥቶ አገር ያዳረሰ ሳር ነው፣ አፈሩንም ይይዝልሻል፣ በዓመት ደጋግመሽም ታጭጂዋለሽ።

ከሜዳው ሩብ ሄክታሩን ለአጃና ቬች ለሚባለው የመኖ ጥራጥሬ ስጪው። ሦስት እጅ አጃ፣ አንድ እጅ ቬች አድርገሽ ክረምቱ ሲገባ ቀላቅለሽ ዝሪ። አጃው ለቬቹ መደገፊያ ይሆናል፣ ቬቹ ለመኖው ፕሮቲን ያመጣል። ቬቹ ሲያብብ፣ አጃው ወተት ሲቋጥር እጨጂው። በደንብ ከተያዘ በሄክታር ከ60 ኩንታል በላይ ደረቅ መኖ የሚሰጥ ቅልቅል ስለሆነ ከዚያች ሩብ ሄክታር ከላይ ካሰላነው ሃያ ኩንታል አብዛኛውን ታገኚያለሽ። ዝናቡ አላደርቅ ካለሽ ገፈራ ሥሪ፤ ቆራርጠሽ ጠንካራ ላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቀሽ አየሩን አስወጥተሽ እሠሪው። የሻገተ ገፈራ ግን ለፍየል በፍጹም አይሰጥም፣ አንጎሏን የሚመታ በሽታ ያመጣባታል።

የቀረውን ሜዳ አትረሺ፣ እዚያ ላይ ነው ልቤ ያለው። ሰዎች የውጭ የሣር ዘር ፍለጋ ሲሯሯጡ እግራቸው ሥር ያለውን ማጌጥ ይረግጡታል። ክረምት ሲያልቅ በደጋው መስክ ላይ ሐምራዊና ነጭ ሆኖ የሚያብበው፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ እሱ ነው። ያገራችን ደጋ ብዙ ዓይነት ማጌጥ ያለበት ምድር ነው። ውኃ የተኛበትን መረሬ ይችላል፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለሳሩ ያበላል፣ ፕሮቲኑም የሳሩ እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ዛሬ ኢልሪ የምንለው፣ በእነዚህ ማጌጦች ላይ ብዙ ሠርቷል፤ ፎስፈረስ ሲያገኙ እንዴት እንደሚፋፉ ያሳየው ሥራ ዛሬም ጥሩ ነው። መኖ የሚሆኑ ዕፅዋት ዘር ባንኩም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። አንቺ ዘር እንኳ መግዛት አይጠበቅብሽም። የማጌጡን ድርሻ የሚወስነው የማጨጃ ጊዜሽ ነው። አበባ ላይ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ካጨድሽ ምርጥ ድርቆሽ ታገኚያለሽ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ሁሉንም ያኔ ካጨድሽ ዘሩ ሳይወድቅ ይቀራል፣ ማጌጡ ዓመታዊ ስለሆነ ከመስኩ ይጠፋል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ አራተኛውን እያፈራረቅሽ ሳታጭጂ ዘሩን አስጥዪው። ዳሩ ላይ ያለውን አጋምና ግራዋም አትመንጥሪው፤ ግራዋ ለሰው ይመራል፣ ፍየል ግን ትበላዋለች።

ይህ የድሃ አገር ዘዴ እንዳይመስልሽ። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በፍየል አይብ በታወቀው በፑዋቱ አገር፣ ሉዚኛን ላይ ያለ የምርምር ጣቢያ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍየሎችን ብዙ ዓይነት ሳርና ጥራጥሬ ተቀላቅሎ በተዘራበት መስክ እያሰማራ ያጠናል። ምክንያታቸውም ያው ነው፤ አርቢዎቹ ከባሕር ማዶ በሚመጣ አኩሪ አተር ላይ ተንጠልጥለው ዋጋው ሲወጣ አብረው ይወጡ፣ ሲወርድ አብረው ይወርዱ ነበር።

ወደ ሰፈራችን ልመልስሽ። ፍየሎቹን ግቢያችሁ ውስጥ ለማኖር ያሰብሽውን ብትተዪው እመርጣለሁ። ዓለም ገና ይኑሩ፤ በመቃኒሳና በጀሞ በኩል በየቀኑ ቅጠል ጭኖ ከመመላለስ ወተቱን ማመላለስ ይቀላል። ግቢውን የችግኝ ማፊያ አድርጊው። የግድ ግቢው ውስጥ ከአንድ ሁለት ፍየል በላይ ማስቀመጥ ካማረሽ ወረዳው ያሉትን የከተማ ግብርና ባለሙያዎች አስቀድመሽ አማክሪ፣ ጎረቤትንም እንዲሁ።

ከሰፈር የሚለቀም መኖ ግን ዓይን ይፈልጋል። የቪላው ሁሉ አትክልተኛ የከረከመውን አጥር በነፃ ሊሰጥሽ ይችላል፤ በውስጡ የወፍ ቆሎ ካለበት ጉበቷን ይጎዳል፣ ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ከሆነ ደግሞ እፍኝ የማይሞላ ቅጠል ይገድላታል። ጉሎና አስተናግርም ከወንዝ ዳር ሣር ጋር ታጭደው ይመጣሉ። ስለ ወንዝ ዳር ካነሣሁ፣ በመቃኒሳና በላፍቶ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ዳር ያለው ለምለም ሣር አያጓጓሽ። ከላይ የቆዳ ፋብሪካውም የሰፈሩም ፍሳሽ ይገባበታል፤ በውኃው በሚለማው አፈርና አትክልት ውስጥ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ተመርምሮ ታይቷል። ለታላቢ ፍየል አይሆንም። የጫት ገራባ ፍየል በጣም ትወዳለች፣ በየጫት ቤቱም በነፃ ይገኛል፣ ነገር ግን ጫቱ ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ስለማናውቅ ወተቷን ለምትሸጪው ፍየል አትስጪያት። አተላ ጥቂት ጥቂት ይሆናል፣ ትኩስ ከሆነ። የአተርና የባቄላ ገለባ፣ የካሮት ቅጠል፣ የጎመን ውጫዊ ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ እነዚህን ከአትክልት ሻጮች ጋር ተነጋግረሽ ብትሰበስቢ መልካም ነው። ማንኛውንም አዲስ መኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስለምጃት፤ ጠዋት በጤዛ የረጠበ ማጌጥና ቬች ደግሞ ሳይጠወልግ አይሰጥ፣ ሆዷን ይነፋዋል።

መኖሽን ካወቅሽ የምትወልድበትን ጊዜ ከእሱ ጋር ማግባባት ትችያለሽ። ፍየል አምስት ወር ነው የምታረግዘው። ሚያዝያ ውስጥ ብትጠቃ መስከረም ላይ ትወልዳለች፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት፣ ፅንሱ የሚያድግበት ጊዜ፣ ክረምቱ ለምለም ሆኖ ያገኛታል፣ ግልገሎቹም ከሐምሌ ጭቃ ያመልጣሉ። ወተቷ ጥቅምት ላይ ይሞላል። በዚህች ከተማ ለወተት ሻጭ ጾምም እንደ ዝናብ የሚታሰብ ወቅት ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ በጾሙ ወራት ለሕፃናትና ለማይጾሙ ደንበኞች ትሸጫለሽ፣ ከገና በኋላ ገበያው ይመለሳል፣ ዐቢይ ጾም ሲይዝ ደግሞ ወተቷ ራሱ ወደ ማብቂያው ነው። አንድ ችግር አለው፤ ሚያዝያ መኖ የሚያልቅበት ወር ስለሆነ የከሳች ፍየል አትፀንስም። ከመጠቃቷ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል የተሻለ የምትመግቢያት ለዚህ ነው፤ የትሪሉሰርኑን ቅጠል ለዚያ ጊዜ ብለሽ አስተርፊው።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ዛፉን ትከዪ፣ አጃና ቬቹን ዝሪ፣ ድርቆሹን አስገቢ፤ ፍየል አትግዢ። ድርቆሹን መዝነሽ ስታውቂው ሁለት ፍየል ግዢ፣ አንዴ ወልዳ የታለበች፣ ጥርሷን ከፍተሽ ጡቷን ዳስሰሽ ያየሻት። ወተቱን ስትሸጪም ሆነ ለራሳችሁ ስትጠጡ አፍልታችሁ ይሁን፤ ጥሬ የፍየል ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

አውራውን ግቢ እንዳታስገቢው። ሽታው ሦስት ቤት አልፎ ይሄዳል፣ በወተቱም ላይ ይሰማል። ዓለም ገና ከጎረቤት ገበሬ አውራ ጋር ተስማሚ፤ ፍየሏ በየ21 ቀኑ ገደማ ነው የምትፈልገው፣ የምትቆየውም አንድ ቀን ወይም ቀን ተኩል ነው። ጭራዋን ስታወዛውዝና ያለ ምክንያት ስትጮኽ ያየ ሰው በዚያው ቀን እንዲወስዳት አድርጊ፣ ቀኑንም ጻፊው።